የኋላ ወንበር

ደብረ ታቦር አውሮፕላን የሠራችው በ1970 ዓ.ም. መባቻ ነው። ታሪክ አልመዘገበውም። ጭራውን ቀድማ ፍየል በልታው ስለነበር ለመዝጋቢም አይመችም። እኔ ግን ተሳፍሬበታለሁ፤ ያውም ከኋላ ወንበር።

የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከሚሊሺያው ጋር ወደ ኦጋዴን ስለዘመተ እኔና እናቴ እቴነሽ ከእናቴ አባት ከአቶ አያሌው ቤት ገብተን ነበር። አያቴ ጀግና ነበሩ። ይህን የማያውቅ የከተማው ሰው አልነበረም፤ ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ ጋፋት አጠገብ አውሮፕላን ጥለዋል። እንዴት እንደጣሉት ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ጀግንነታቸውን እጥፍ አደረገው። በእኛ አገር ብዙ የሚፎክር ሰው ይጠረጠራል፤ ዝም ለሚል ሽማግሌ ግን ያደረገውም ያላደረገውም ይቆጠርለታል።

ማስረጃም ነበር። ከሣጥናቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የቆዳ ቆብ፤ ጆሮ የሚሸፍን፣ ከአገጭ ሥር በዘለበት የሚታሰር። ከጣሊያኑ የተማረከ ነው ይባላል። አንድ ቀን እናቴ ገበያ ስትወርድ ጠብቄ፣

«አባባ፣ እስቲ ያጥልቁት» አልኳቸው።

«ተይኝ ልጄ፣ የሞተ ሰው ዕቃ ነው።»

«አንድ ጊዜ ብቻ! ስለ ጊዮርጊስ!»

አጠለቁት። ከግንባራቸው አላለፈም፣ ከጆሯቸውም አላጠረም። እንደ ተለካ ነበር። ጣሊያኖች ሁሉ ጭንቅላታቸው የአያቴን ያህል መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ።

በበቅሎ ከኋላቸው አፈናጠው ወደ ጋፋት ሲወስዱኝ ደግሞ የአውሮፕላን ጨዋታ ነበረን። ጨዋታውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ቀኑ ጥሩ ሆኖላቸው በነበረ አንድ ጠዋት። የሞተሩ ጩኸት አያነጋግርም። ስለዚህ ከኋላ ያለው የፊተኛውን ቀኝ ትከሻ ሲመታ ወደ ቀኝ፣ ግራውን ሲመታ ወደ ግራ ይዞራል። እኔ እመታለሁ፣ አያቴ ልጓሙን ይስባሉ፣ በቅሎዋ ትዞራለች። ከጋፋት በላይ የሚያስቀና አገር የለም መሰለኝ። ታዲያ አንድ ቀን ደስ ብሎኝ ሁለቱንም ትከሻቸውን ባንድ ላይ መታሁ።

አያቴ በቅሎዋን አቆሙ። ወረዱ።

«ሁለቱን ባንድ ላይ አትምቺ።»

«ሁለቱን ሲመታ ምን ማለት ነው፣ አባባ?»

«እዚህ ነው ማለት ነው።»

«ምኑ?»

እስከ ቤት ድረስ በቅሎዋን እየሳቡ በእግራቸው ሄዱ። እኔ ብቻዬን በመቀመጤ ኩራት ተሰማኝ።

ከእኛ ቤት በላይ እማማ ፈንታነሽ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባላቸው በጣሊያን ጊዜ የሞተባቸው፣ ደግመው ያላገቡ ሴት። አያቴ የራሳቸውን ማሳ ከማረሳቸው በፊት የእሳቸውን ያርሳሉ። ክረምት ሳይገባ ጣሪያቸውን ይከድናሉ። ይህ ሲሆን አርባ ዓመት ሆነ ይባላል። እማማ ፈንታነሽ ግን አንድ ቀን «እግዜር ይስጥህ» ሲሉ አልሰማሁም። ጠላ እንኳ አይቀዱላቸውም። እኔ ነገሩ ገብቶኝ ነበር፤ አያቴ ይወዷቸዋል፣ እሳቸው ይኮራሉ። የአሥር ዓመት ልጅ ያልገባው ነገር የለም።

በነሐሴ መጨረሻ ጓድ ደሳለኝ ቤታችን መጣ። ሦስት ወር ኮርስ ወስዶ ካድሬ ሆኖ የተመለሰ ወጣት ነው። በሦስቱ ወር ከተማራቸው ነገሮች አንዱ ሽማግሌን አንተ ማለት ነበር።

«ጓድ አያሌው! የዘንድሮውን የአብዮት በዓል ደብረ ታቦር እንዴት እንደምታከብር ታውቃለህ?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ» አሉ አያቴ።

«አውሮፕላን እንሠራለን! ቴዎድሮስ እዚህ ጋፋት ላይ በፈረንጅ እጅ መድፍ አሠራ። እኛ በሰፊው ሕዝብ እጅ አውሮፕላን እንሠራለን!»

«የሚበር?»

«የሚበር አይደለም። የሚወድቅ! አንተ የጣልከውን የፋሽስት አውሮፕላን በሕዝብ ፊት ደግመህ ትጥለዋለህ።»

አያቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ «ጉልበቴን ያመኛል» አሉ።

«ጉልበት አያስፈልግም» አለ ጓድ ደሳለኝ። «ገመድ አለው።»

እዚህ ላይ ልጅቷን ላቋርጣት። ይህን የምጽፈው ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከወጣሁ፣ አግብቼም ብቻዬን ከቀረሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ እኔ የሞኘሁትን ያህል አንባቢን ማሞኘት አልፈልግም። አያቴ ያን አውሮፕላን የሚያውቁት ከመሬት ሆነው አልነበረም። ተሳፍረውበታል።

ጣሊያኖቹ ለቅኝት የያዙት አውሮፕላን ክንፉ ላይና ታች ድርብ ነበር፤ ልብሱ ሸራ፣ ወንበሩ ሁለት። የፊተኛው ይነዳል፣ የኋለኛው ያያል። የሚያየው ጣሊያን ግን ችግር ነበረበት። ከላይ ሲያዩት የበጌምድር ሸንተረር ሁሉ አንድ ነው። የትኛው ጢስ የእረኛ፣ የትኛው የአርበኛ እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ከኋላ ወንበር ላይ አገሩን የሚያውቅ ሰው አስቀመጡ፤ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ አዳኝ፣ ገደሉንና ዋሻውን በቃሉ የሚያውቅ። አያቴን። ተገደው ይሁን ወደው አላውቅም። ለማወቅም አልቸኩልም፤ ሁለቱም መልስ እኩል ያስቸግረኛል።

በ1929 ዓ.ም. በጥቅምት አንድ ጠዋት አያቴ የነጂውን ሁለት ትከሻ መቱ። እማማ ፈንታነሽ ባላቸውንና የሦስት ዓመት ሴት ልጃቸውን ከታች በነበረው ሸንተረር ላይ አጡ። ቦምቡ ከመውደቁ በፊት አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ከኋላ አንገቱን ያወጣውን ሰው አይተውታል። ቆብ አጥልቋል። ፊቱን ግን ያውቁታል፤ በሠርጋቸው የባላቸው ሚዜ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ያው አውሮፕላን ጋፋት አጠገብ ረግረግ ውስጥ ወደቀ። ሰው ሲደርስ ነጂው ሞቷል፤ አያቴ የነጂውን ሽጉጥ ይዘው አጠገቡ ቆመዋል። የደረሰው ሁሉ ፉከራ ጀመረ። አያቴ ምንም አላሉም። ጀግና ለመሆን የሚያስፈልገው ያን ያህል ነው። እማማ ፈንታነሽም ምንም አላሉም። ኋላ ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ማን ይሰማኛል? እልልታው ከእኔ ድምፅ ይበልጥ ነበር» አሉኝ።

አርባ ዓመት እንዲህ አለፈ። በዚያ ክረምት ግን ነገሩ ተለወጠ። በሐምሌ እብናት ላይ አንድ ሽማግሌ «ባንዳ ነበር» ተብሎ አንገቱ ላይ ካርቶን ተንጠልጥሎ በገበያ ቀን ተረሽኗል። የአያቴ ሕይወትም በአንዲት ሴት ምላስ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እኔ የማውቀው አውሮፕላን እንደምሳፈር ብቻ ነው።

ሥራው በቀበሌው ግቢ ተጀመረ። አናጢው ሙላቴ በሕይወቱ የሠራው አልጋና የሬሳ ሣጥን ነበር፤ አውሮፕላኑም ሲያልቅ ሁለቱን ይመስል ነበር። አጥንቱ ባሕር ዛፍና ቀርከሃ፣ እግሩ የቆሻሻ ጋሪ ጎማ፣ ልብሱ ለመግነዝ የመጣ አቡጀዲ። አያቴ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሦስት ቀን አንድ ቃል ሳይናገሩ አዩ። በአራተኛው ቀን ሙላቴ ሁለቱን ወንበር ጎን ለጎን ሲቸነክር ግን አላስቻላቸውም። ጥሩ አዳኝ የሌላውን ስህተት አይቶ ማለፍ አይሆንለትም።

«እንዲህ አይደለም» አሉ። «አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ኋለኛው ከእግሩ ሥር መስኮት አለው።»

«ለምኑ?» አለ ሙላቴ።

«ወደ ታች ለማየት። ጨርቁም እንደ ከበሮ ይወጠር። ካልተወጠረ ሲያዘነብል ያርገበግበዋል። ሲያዘነብል እኮ… ሆድ ወደ ኋላ ይቀራል።»

እኔ በአያቴ እውቀት ደረቴ ተነፋ። ከመሬት ሆነው በአንድ ጥይት ጥለው የተሳፋሪውን ሆድ ሳይቀር አውቀዋል! የቀበሌው ሴቶች ክንፉ የሚለጠፍበትን የስንዴ ዱቄት ይዘው የገቡት ያኔ ነው። እማማ ፈንታነሽ ቁናቸውን አስቀመጡ።

«የማን ሆድ ነው የቀረው፣ አያሌው?»

አያቴ ቀና አላሉም። «የተሳፋሪው።»

«ነገረህ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሙላቴ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እማማ ፈንታነሽ እንዲህ ቀልድ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። እሳቸው ብቻ አልሳቁም። ጓድ ደሳለኝ የሰማውን በደብተሩ ጻፈ፤ «ወንበር፦ ፊትና ኋላ። መስኮት፦ ከእግር ሥር።» ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሮ፣

«ጓዲት ፈንታነሽ፣ አንቺ አውሮፕላኑን በዓይንሽ ያየሽ የጭቁን አርበኛ ሚስት ነሽ። በበዓሉ ቀን ምስክርነት ትሰጫለሽ» አለ።

«የምን ምስክርነት?»

«ማን እንደጣለው፣ ማን ሕዝቡን እንዳስጨረሰ። በዚህ ከተማም ጣሊያንን የመራ ባንዳ ነበር ይባላል። ካለ አብዮቱ ያገኘዋል!»

«ያገኘዋል?» አሉ እማማ ፈንታነሽ። «እኔ እኮ መች ጠፋኝ።»

ጓድ ደሳለኝ ይህን አልጻፈም። እርሳሱን እየቀረጸ ነበር።

በጳጉሜ የመጨረሻ ቀን ፍየሏ ገብታ ጭራውን በላች። ዱቄቱ ጣፍጧት ይሆናል፤ ጓድ ደሳለኝ ግን አሻጥር ነው ብሎ የፍየሏን ባለቤት የመደብ ጀርባ አስመረመረ። በቂ አቡጀዲ ስላልነበረ ጭራው አበባ ባለው የካድሬው አንሶላ ተሸፈነ። የፋሽስት ኢጣሊያ የቅኝት አውሮፕላን መስከረም 2 ቀን ወደ አደባባይ የወጣው በቀይ ጽጌረዳ አጊጦ ነው።

አሥራ ሁለት የወጣት ማኅበር አባላት በግራና በቀኝ በገመድ ደግፈው ይስባሉ። ሙላቴ ከፊት ወንበር የሣር ጢም ለጥፎ ተቀምጧል። እኔ ቀላል ነኝ ተብዬ ከኋላ። ሁላችንም ፋሽስቶች ነን። የአውራጃው ሰዎች ከድንኳን ሥር፣ ሽማግሌዎች ከአግዳሚው ላይ። አያቴ በጓድ ደሳለኝ ትእዛዝ ቆቡን አጥልቀው መካከል ላይ ተቀምጠዋል፤ በምርኮ ዕቃነት። አጠገባቸው እማማ ፈንታነሽ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። በዓል እየተከበረ ማዘቅዘቃቸው እኔን አሳፈረኝ።

ከአግዳሚው ፊት ስንደርስ ጓድ ደሳለኝ በድምፅ ማጉያው ጮኸ።

«ፋሽስቱ ሰላማዊውን ሕዝብ ሲቃኝ!»

ተራዬ ነው። የወንበሩን ጠርዝ ይዤ አንገቴን አወጣሁ። እጄን ወደ እማማ ፈንታነሽ ዘረጋሁና የሙላቴን ሁለት ትከሻ ባንድ ላይ ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ።

አያቴ ከአግዳሚው ተነሥተው ቆሙ። በእኔ ኮርተው የቆሙ መስሎኝ እጄን አውለበለብኩላቸው።

«ጓዲት ፈንታነሽ ወደ መድረክ!»

እማማ ፈንታነሽ ወጡ። ማጉያውን ሲሰጧቸው እንደ ትኩስ ድንች ከአፋቸው አርቀው ያዙት።

«ሁለት ነበሩ» አሉ። «አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ያያል። የሚነዳውን አላየሁትም። የሚያየውን ግን አይቼዋለሁ።»

አያቴ እንደ ቆሙ ናቸው። ቆባቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንደሚቆም ሰው።

«እኮ ንገሪን፣ ጓዲት! ማን ነበር?» አለ ጓድ ደሳለኝ።

«ጣሊያን ነዋ! ሌላ ማን ይሆናል?»

«የጣለውስ?»

እማማ ፈንታነሽ አያቴን አዩአቸው። እኔ ከኋላ ወንበሬ ሆኜ ሁለቱንም በደንብ አያለሁ። ማየት ግን፣ ኋላ እንደገባኝ፣ ማወቅ አይደለም።

«አያሌው ነው የጣለው» አሉ። «አይቻለሁ።»

እልልታው ሲቀልጥ ገመድ ሳቢዎቹ አጨበጨቡ። ለማጨብጨብ ደግሞ ገመዱን መልቀቅ ነበረባቸው። በፕሮግራሙ መሠረት አራት ሰዓት ላይ ሊወድቅ የነበረው አውሮፕላን በሦስት ሰዓት ተኩል ወደቀ። የሙላቴ ጢም አፌ ውስጥ ገባ። ፎቶግራፍ አንሺው ገና ፊልም እያጎረሰ ስለነበር የበጌምድር ሕዝብ ድል ሳይነሣ ቀረ።

በሳምንቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አያቴ ከጋፋት መንገድ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጠው አነሡ። ጫንቃቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ደገፉት። ስልሳ ዓመታቸው ነው።

«አባባ፣ አብሬ ልያዝልዎ?»

«አይሆንም። አንቺ ተከተይኝ ብቻ።»

የአገሩ ደንብ ሌላ ነው። ደም ያለበት ሰው ይቅርታ ሊለምን ድንጋይ ተሸክሞ ሲሄድ ሽማግሌዎች ይቀድሙታል፣ ካህን መስቀል ይዞ ይቆማል። አያቴ ሽማግሌ ቢይዙ ሽማግሌው ይሰማል። ስለዚህ ምንም የማይገባው ሽማግሌ መርጠው ነበር፤ እኔን። እኔ የገባኝ ለእማማ ፈንታነሽ ደጅ መቀመጫ እንደወሰድን ነው።

እማማ ፈንታነሽ በራቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። አያቴ ከፊታቸው ቆመው አጎነበሱ።

«ስለ እግዚአብሔር» አሉ።

እንዝርቱ ይሽከረከራል። እማማ ፈንታነሽ የያዙትን ባዘቶ ጨረሱ። ሌላ አነሡ። የአያቴ ላብ በአፍንጫቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። ሁለተኛው ባዘቶም አለቀ።

«ለምን አላልሽም?» አሉ አያቴ፣ እንዳጎነበሱ። «ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ለእነዚያ? እነሱማ ባንድ ጥይት ይጨርሱሃል፤ ከዚያ የእነሱ ትሆናለህ። አንተ የእኔ ነህ አያሌው። በደለኛዬን ለማንም አላካፍልም።»

«የጣልኩትስ እውነት እኔ ነኝ። አንገቱን ከኋላ አንቄው ነው። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

እንዝርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ።

«ይሆናል» አሉ እማማ ፈንታነሽ። «ታዲያ ዘገየህ። አሥራ አንድ ቀን ዘገየህ።»

አያቴ የሚንሸራተተውን ድንጋይ ጫንቃቸው ላይ ገፍተው አስተካከሉ።

«አውርደው» አሉ እማማ ፈንታነሽ።

አያቴ ድንጋዩን አወረዱ። ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት ተከፈተ። «ይቅር አልሽኝ?»

«ድንጋዩን ነው ያልኩህ። ድንጋዩ ምን በደለ?»

ወደ ቤት እየሮጥኩ ገብቼ ለእናቴ የምሥራች ነገርኳት፤ አባባ እማማ ፈንታነሽን ሊያገቡ ነው፣ «አንተ የእኔ ነህ» አሏቸው። እናቴ አባቴ ከዘመተ ወዲህ ስቃ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ሳቀች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች።

አያቴ እስከሞቱበት ዓመት ድረስ የእማማ ፈንታነሽን ማሳ አስቀድመው አረሱ። የቀብራቸው ዕለት ስለ አውሮፕላኑ ተፎከረ። እማማ ፈንታነሽ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመው አዳመጡ። አንድም ቃል አላረሙም።

ይህን ሁሉ እማማ ፈንታነሽ የነገሩኝ በ1982 ዓ.ም. ነው፤ አስተማሪ የነበረውን ባለቤቴን ደኅንነቶች ከማስተማሪያ ክፍሉ በወሰዱት በሳምንቱ። ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም። አንድ ሰው ጠቁሞታል፤ ይህ ይበቃል። እማማ ፈንታነሽ በምርኩዝ ወጥተው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ፤ እንደ ሌላው ሰው «አይዞሽ» አላሉኝም። ከጥቅምቱ ጠዋት ጀምረው እስከ ድንጋዩ ድረስ ነገሩኝ። ሲጨርሱ፣

«ያንቺን የጠቆመውን አውቀሻል?» አሉኝ።

«አውቄዋለሁ።»

«ለማንም እንዳትሰጪው።»

መንግሥት ሲለወጥ የበደላችሁን ጠቁሙ ተባለ። ቅጽ ነበረው፤ አራት ገጽ፣ በሁለት ቅጂ። ወስጄ አነበብኩት። ስም የሚጻፍበት መስመር ሰፊ ነበር። ባዶውን መለስኩት።

ሰውየው ዛሬም ደብረ ታቦር ነው። ጡረታ ወጥቷል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቆቡን አንሥቶ «እንዴት ነሽ የሺ» ይለኛል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» እለዋለሁ። እማማ ፈንታነሽ ሲሞቱ ያንን ጠፍጣፋ ድንጋይ አስመጥቼ ከበሬ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበርድ እወጣና እቀመጥበታለሁ። ከዚያ ሆኜ መንገዱ ሙሉ በሙሉ ይታየኛል፤ የሚመጣውም የሚሄደውም።

እስካሁን ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ የለም። ከብዶት ይሆናል እላለሁ፤ ዕድሜውም ገፍቷል። ድሮ በጫንቃ ነበር። አሁን እኮ ባጃጅ አለ።